ቲቸር ሰብለ «ቁጭ በል» እስክትለኝ

የዕድራችን ለፋፊ ድሮ ጡሩንባ ነበር የሚነፋው። አሁን በባጃጅ ነው የሚዞረው፣ ድምፅ ማጉያውን ጣሪያው ላይ አስሮ። ያን ዕለት ማለዳ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ እግሬን እየታጠብኩ ነበር። ስም ከመጥራቱ በፊት አወቅሁት። ባጃጁ የሚወርደው ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ ታሞ የተኛ ሰው አንድ ብቻ ነበር። «የአቶ አበራ እህት፣ መምህርት ሰብለ...» አለ። ውሃውን ደፋሁና ጫማዬን አጠለቅሁ።

ለቅሶ ቤቱ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል። ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«አዋ አንጁሎ፣ ይቀመጡ እንጂ» አሉኝ። አዋ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። ከተማው እንዲህ ነው የሚጠራኝ፣ ወላይታ ያልሆነውም ጭምር።

አልተቀመጥኩም። የድንኳኑን ምሰሶ ይዤ ቆምኩ። ንፍሮ ሲዞር ቆሜ ዘገንኩ። በማግስቱም ሄድኩ፣ በማግስቱም ቆምኩ። አንዱ «ወገባቸውን አሟቸው ይሆናል» አለ። ሌላው፣ የማልሰማ መስሎት፣ «ሰው ሲያረጅ ግትር ይሆናል» አለ።

«ሳላረጅም ግትር ነበርኩ» አልኩት።

ለምን እንደቆምኩ እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ ነው፣ መጻፍ ላይ እጄ ከባድ ነው። ሌላ ሰው ቢጽፍልኝ ግን ያሳምረዋል። እንዲያምር አልፈልግም።

እኔ እዚህ ሶዶ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም በኮንትራት አስቀሩኝ። ሌላ ሰው ሲቀጥሩ ልጆቹ በአጥር ይዘሉበታል፣ እኔን ግን ይፈሩኛል። የጥበቃ ቤቴ ከአንድ ክፍል ግድግዳ ጋር ተጣብቃለች። የክፍሉ መስኮት መስተዋት ከተሰበረ ቆይቷል፤ የሚጠግነው ስለሌለ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ክፍሉ የቲቸር ሰብለ ነው። እንግሊዝኛ ነበር የምታስተምረው።

አያቷ ከሰሜን በጸሐፊነት የመጡ ሰው ናቸው ይባላል። እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ ወላይትኛውን ከገበያ ሴቶች እኩል ትናገረው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ መናገር የማይሆንላት ሴት። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባታል። ማርታ የምትባል አንድ ልጅ አለቻት። ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ «ሳሮ፣ አዋ አንጁሎ! ደህና አደሩ?» ትለኛለች። እርስዎ እያለች። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይፈለጋል።

ብዙ ዓመት ከመስኮቷ ስር ስቀመጥ እንግሊዝኛው እንደ ዝናብ ከላዬ እየፈሰሰ አለፈ። አንድ ግስ ብቻ ገባኝ። ፕረዲክት።

በየዓመቱ ኅዳር ገደማ እዚያ ትምህርት ላይ ትደርሳለች። መጽሐፉን ታጥፍና በመስኮቱ ወደ ዳሞታ ትጠቁማለች።

«ተራራው ምን ለብሷል?»

«ደመና!»

«እና?»

«ይዘንባል!»

«መቼ?»

ልጆቹ ወደ ዴስካቸው ያጎነብሳሉ።

«ማነው ደፍሮ የሚናገር? ተነስና በል። አይ ፕረዲክት በል።»

ቃሉ ሁለት አጥንት አለው ትላቸው ነበር። የፊተኛው «በፊት» ነው፣ የኋለኛው «መናገር» ነው። ከሆነ በኋላ የሚናገር ሰው ወሬ ነው የሚያወራው። ደግሞም ባዶውን አትቀበልም። ልጁ ገና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ «ቢኮዝ?» ብላ ትይዘዋለች። ምክንያት ከሌለህ ገምተሃል እንጂ ይህን ግስ አልተጠቀምክም። ብትመኝ ሌላ ግስ ነው። ብትፈራ ሌላ ግስ ነው። አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ እኛ ቸርች ያለው ነቢይ እኮ እንዲህ ብሏል» ብሎ ተነሳ።

«እሱም ሌላ ግስ ነው» አለችው። «የእሱ ከላይ ነው የሚመጣው። የአንተ በመስኮት ነው። በመስኮት ያየኸውን ንገረኝ።»

ልጆቹ በጣም የሚፈሩት ግን የመጨረሻውን ነበር። የተናገረ ልጅ ነገሩ የሚታወቅበት ቀን ሲደርስ፣ የተናገረበት ቦታ ላይ ተመልሶ ይቆማል። እዚያው ዴስክ አጠገብ። ከዚያ ወይ «ልክ ነበርኩ» ይላል ወይ «ተሳስቻለሁ» ይላል። «ግን» ማለት ክልክል ነው። «ተሳስቻለሁ፣ ግን ነፋሱ...» ካለ እንደገና ታስጀምረዋለች። በደንብ ከተናገረ «ሎኦ» ትለዋለች፣ በወላይትኛ መልካም ማለት ነው፣ ቀጥላም «ቁጭ በል» ትላለች።

እኔ ጆሮዬን አቁሜ የማዳምጠው ይህችን «ቁጭ በል» ነበር። ልክ ለሆነውም ለተሳሳተውም ድምፅዋ አንድ ነው። አይወጣም፣ አይወርድም። እስክትል ድረስ ግን ማንም አይቀመጥም። ደወል ቢደወልም አይቀመጥም።

«ብዬ ነበር» የሚል ሰው አትወድም። እኛ አገር ደግሞ በየለቅሶውና በየሰርጉ «እኔ ድሮውኑ ብዬ ነበር» የሚል አይጠፋም። ትዞርና «የት ቆመህ ነው ያልከው?» ትለዋለች። ሰውየው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

እኔም አንድ ጊዜ እጄ ገብቶበታል። አንድ ቀልደኛ ተማሪ ተነሳና «አይ ፕረዲክት፣ አዋ አንጁሎ ነገ ከምሳ በኋላ ይተኛሉ» አለ።

«ቢኮዝ?»

«ነገ ገበያ ነው! ጥሬ ሥጋ በዳጣ ይበላሉ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተነሳሁና ጭንቅላቴን በመስኮቱ አስገብቼ «አልተኛም!» ብዬ ጮህኩ።

በማግስቱ ሥጋውን በላሁ። ፈራ እንዳይባል አብዝቼ በላሁ። ከዚያ ዱላዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ዐይኔ ሲከደን ፊቴን በውሃ እየመታሁ፣ ተማሪ እስኪወጣ ድረስ ቆምኩ። በበነጋው ልጁ ቦታው ላይ ቆሞ «ተሳስቻለሁ» አለ።

«ለምን ተሳሳትክ?»

«ሰምተውኝ ነዋ ቲቸር። እልህ ይዟቸው።»

«አያችሁ?» አለች። «ደመና አይሰማም፣ ሰው ግን ይሰማል። ስለ ሰው ስትናገሩ በጀርባው አትናገሩ። እንዲሰማችሁ አድርጋችሁ ተናገሩ፤ ምናልባት ያሳስታችኋል። ቢያሳስታችሁ ደስ ይበላችሁ። ሎኦ፣ ቁጭ በል።»

ራሷም ከሕጉ አልወጣችም። ምህረት የምትባል ልጅ ነበረች፣ ከዲምቱ መጥታ እዚህ ቤት ተከራይታ የምትማር። ብዙ ጊዜ ትቀር ነበር፣ መናኸሪያ አካባቢ አቮካዶ ትሸጣለች። ቲቸር ሰብለ በልጆቹ ፊት «ፈተናውን አታልፊም፣ ምክንያቱም እዚህ የለሽም» አለቻት። ልጅቷ አለፈች። እንደ ሌላው አስተማሪ ቢሆን ጭብጨባ ነበር፣ ያበቃል። ቲቸር ሰብለ ግን ዓመቱ ሲጀመር ልጅቷን ይዛ መጣችና በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በተሰለፈበት፣ ወጥታ ቆመች። «ስለ ምህረት የተናገርኩት ስህተት ነው። ተሳስቻለሁ» አለች። ወንዶቹ አስተማሪዎች በክርን ተጎሻሸሙ። ርዕሰ መምህሩ ጫማውን አየ። እሷ ግን እዚያው ቆማለች፣ አትንቀሳቀስም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ የሚያስቀምጣት ትጠብቃለች። ምህረት እያለቀሰች «ቁጭ ይበሉ ቲቸር» ስትላት፣ መቀመጫ እንኳ በሌለበት፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ሰው እንዲህ ሲያደርግ በዕድሜዬ አላየሁም። ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ሰው አስታርቄአለሁ፤ ይቅርታ የሚል ይገኛል፣ ተሳስቻለሁ ብሎ ዝም የሚል ግን አይገኝም።

ያለፈው ኅዳር ያንን ትምህርት ስታስተምር ድምፅዋ ሌላ ነበር። ከኔ መቀመጫ ጥቁር ሰሌዳው በከፊል ይታየኛል። ድሮ ከላይኛው ጠርዝ ነበር መጻፍ የምትጀምረው። አሁን ከመሃል ጀመረች፣ እጇ ወደ ላይ አልሄድ አለ። ከበሩ እስከ ክፍሏ ባለው መንገድ ላይ ቆማ ታርፋለች፣ አበባ የምታይ መስላ። ጫማዋ ተለወጠ፣ ነጠላ ጫማ ሆነ፣ እግሯ አብጧል። ዐይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል። እኔ ይህን አውቀዋለሁ። ሚስቴ እንዲሁ ነበር የጀመራት፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ሲጀምራት አጃ ደርሶ ነበር፣ ሲጨርሳት በቆሎ ገና አልተዘራም ነበር።

አብራው የምትኖረው ወንድሟ አቶ አበራ የቤት ክዳንና ሚስማር ነጋዴ ነው። ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሙ ለእሱ ኮሪደር ላይ ቀስ ብሎ ነገረው፤ ለእሷ «ጉበትሽ ትንሽ ተቆጥቷል፣ ይሻልሻል» አላት። እንዲህ ነው የኛ ነገር። ስለ በሽታው መጨረሻ ላይ የሚሰማው ራሱ በሽተኛው ነው። ዘመዱ ያውቃል፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ዕድሩ ድንኳኑን ያራግፋል፤ እሱን «እንዴት አምሮብሃል» ይሉታል።

የማርታ ሰርግ ደግሞ ተቆርጦ ነበር፣ ከፋሲካ በኋላ ለዳግማይ ትንሣኤ። ሙሽራው ሃላሌ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ የኛ የወላይታ ልጅ ነው፣ ጨዋ ልጅ። እናት ከሞተች ሰርጉ ዓመት ይቆያል፣ ልጅቷ ጥቁር ትለብሳለች፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሰርጉን ወደ ጥር፣ ከጾሙ በፊት ማምጣት ይቻል ነበር። የሚደፍር ግን ጠፋ። ቀኑን ማምጣት «ሰብለ ትሞታለች» ማለት ሆነባቸው። ሟርት ሆነባቸው። ስለዚህ ቤቱ ሁሉ ሳቅ እያሳየ ፋሲካን ይጠብቃል፣ እሷም እየቀለጠች አብራቸው ትጠብቃለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ልጆቹ ወጥተው ግቢው ጸጥ ባለበት፣ ወደ ጥበቃ ቤቴ መጣች። አግዳሚዬ ላይ ተቀመጠች። ልቀመጥ ስል እጇን አነሳች።

«ዛሬ ተማሪዬ ነህ፣ አንጁሎ። ቁም።»

አንተ አለችኝ። አዋውንም ተወችው። ሳቄ መጣ፣ ፊቷን ሳይ ተመለሰ። ቆምኩ።

«ስለ እኔ ፕረዲክት አድርግ።»

«ምን ልበል ቲቸር?»

«የማርታ ሰርግ ላይ እደርሳለሁ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱ ሌላ ግስ ነው።»

«ያድርስሽ እንጂ...»

«እሱም ሌላ ነው። ስማኝ፣ ወንድሜን ጠየቅሁት፣ ቀለደ። ሐኪሙን ጠየቅሁት፣ ቪታሚን ጻፈልኝ። ቄሱን ጠየቅሁ፣ ጸበል አሉ። ጸበሉን እጠጣለሁ፣ የጠየቅኳቸው ግን ሌላ ነው። ልጄን ስድር ማየት እፈልጋለሁ። ቀኑን ማምጣት እንዳለብኝ ማወቅ አለብኝ። አንተ በመስኮት ስታየኝ ትውላለህ። ያየኸውን ንገረኝ።»

እኔ ሰው ፈርቼ ዝም የምል አይደለሁም። ያን ቀን ግን ፈራሁ። ባጃጆች በውጭ ያልፋሉ። ዱላዬን አጥብቄ ያዝኩ።

«ፋሲካን አትደርሺም» አልኩ።

ዐይኗ አልተነቀነቀም። «ቢኮዝ?»

ነገርኳት። ስለ ሰሌዳው ነገርኳት፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ዐይኗ፣ ስለ አበባው። ስለ ሚስቴም ነገርኳት፣ ስለ አጃውና ስለ በቆሎው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። 

«ቁጭ በል በይኝ ቲቸር» አልኳት።

«አሁን አልልህም። ቀኑ አልደረሰም» አለች። ግድግዳዬን ይዛ ተነሳች። «ፋሲካን ከደረስኩ ቤቴ መጥተህ ትቆማለህ፣ ተሳስቻለሁ ትላለህ፣ እኔም ቁጭ በል እልሃለሁ። ካልደረስኩ...» ፈገግ አለች፣ «ካልደረስኩ ቆመህ ትቀራለህ። እልህ እንደያዘኝ ግን እወቅ።»

በማግስቱ አቶ አበራ መጣ። መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

«አንተ ሟርተኛ ሽማግሌ! እህቴን ምን አልካት?»

«የጠየቀችኝን።»

«ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም። ሐኪሙ ለአንተ የነገረህን ለምን አልነገርካትም?»

ፊቱ ጠቆረ። «እኔ ተስፋዋን ነው የጠበቅኩላት!»

«እሷ የጠየቀችው ቀን ነው፣ ተስፋ አይደለም።»

«ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች፣ ታውቃለህ? ማርታም እያለቀሰች ነው። ሰርጉን ለጥር አምጡ ብላ ቤቱን አመሰችው። ለጥር! ድግሱ በምን ይድረስ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሰርግ ይበላል።»

«እቤቴ ደጃፍ እንዳላይህ! በደህናም በክፉም!»

ሄደ። ስለ ልቅሶዋ መስማት ከበደኝ። ተናግሬ ተጸጽቻለሁ ግን አልልም። አሁንም አልልም።

ሰርጉ ለጥር መጣ። እኔ አልተጠራሁም። ማርታ እንኳ በመንገድ ስታየኝ ፊቷን አዞረች፣ አልፈርድባትም፤ እናትሽ ትሞታለች ያለ ሰው ነኝ። በሰርጉ ቀን ዱላዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር፣ የሚጠበቅም አልነበረም። የሰርጉ መኪናዎች ክላክስ እያደረጉ ከላይ መጡ፣ ባጃጆቹ ከኋላ ይከተላሉ። ሁለተኛዋ መኪና እኔ ጋ ስትደርስ ቀስ አለች። መስኮቱ ወረደ። ቲቸር ሰብለ ናት። ቀሚሱ ሰፍቷታል፣ ፊቷ የቀረው አጥንት ነው፣ ጥርሷ ግን በሙሉ ይታያል። ከጎኗ አቶ አበራ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል።

«አንጁሎ! ገና ቆመሃል?» ብላ ጮኸች።

«ቆሜያለሁ ቲቸር!»

«ጠብቅ!» አለች፣ መኪናው ይዟት ሄደ።

ዳሱ ውስጥ ስትጨፍር አላየሁም። ያዩ ግን ነገሩኝ። ሁለት ሴቶች በብብቷ ደግፈዋት፣ ማርታን ፊት ለፊት አስቁማ ትከሻዋን አንቀሳቀሰች አሉ። ሌላው ሰው እንዳያለቅስባት ወደ ውጭ እየወጣ ያለቅስ ነበር አሉ።

ጾሙ ገባ። የጾሙ እኩሌታ ሳይደርስ ትምህርት ቤት መምጣት ተወች። ሌላ አስተማሪ አመጡ፣ መጽሐፉን የሚያነብ ልጅ። በመስኮቱ አሁን ምንም አልሰማም። በየማለዳው የባጃጁን ድምፅ እጠብቃለሁ። ካልመጣ «ደግ፣ ተሳሳት አንጁሎ» እላለሁ ለራሴ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሰው ላይ ደርሶ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም፤ የተናገርኩት ነገር እንዳይሆን እየለመንኩ፣ ያየሁትን ደግሞ ማየቴን እያወቅሁ ቁጭ ብድግ ስል ከረምኩ። በጸሎት ቤታችን ስንጸልይ ሌላው ሰው ለልጁ ይለምናል፣ እኔ ልሳሳት እያልኩ እለምናለሁ።

ሆሳዕና አለፈ። ስቅለት አለፈ። የፋሲካ ማለዳ ባጃጁ ሳይመጣ ፀሐይ ወጣች። ደረሰች! ልጆቼ ለምን እንደምስቅ አልገባቸውም። ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ዳገቱን ወጣሁ። አንኳኳሁ። አቶ አበራ በሩን ስንጥቅ ያህል ከፈተ።

«አሁን ደግሞ ስንት ቀን ቀራት ልትል ነው?»

«ተሳስቻለሁ ልላት ነው የመጣሁት። ፋሲካን ደርሳለች።»

«ተሳስተሃል፣ አይደል?»

«ተሳስቻለሁ።»

«በቃ፣ ለእኔ ነገርከኝ። ሂድ።»

«የነገርኩት ለእሷ ነው፣ የምመልሰውም ለእሷ ነው።»

«ተኝታለች። ሰው አታውቅም። ሂድ አልኩህ!»

በሩ ተዘጋ። ቅቤውን ደፉ ላይ አስቀመጥኩ። እዚያው ቆሜ በሩን በሩን ሳይ ቆየሁ። ለቆርቆሮ በር ተሳስቻለሁ ይባላል? አይባልም። ወረድኩ። በማግስቱም ሄድኩ፣ ከዚያም ሄድኩ፣ የሚከፍት የለም። ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ፣ ሊሞሸሩበት የነበረው ቀን። ከዚያ ነው ባጃጁ ከላይ የመጣው።

እና ድንኳኑ ውስጥ ቆምኩ። በሰልስቱ ዕለት ማርታ ከቤት ወጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ እጇ ላይ የሙሽርነቱ ሂና ገና ከጥፍሯ ጫፍ አልለቀቀም። ባሏ ከኋላዋ ነው። አቶ አበራ ከፊት ካለው አግዳሚ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ማርታ እየዞረች ለቀስተኛውን እጅ ስትነሳ እኔ ጋ ደረሰች። ቆመች። ድንኳኑ ጸጥ አለ፣ በሰፈሩ ነገሩን የማያውቅ የለማ።

«ኅዳር ላይ» አልኳት፣ «ጥበቃ ቤቴ በር ላይ ቆሜ፣ ለእናትሽ ፋሲካን አትደርሺም ብያታለሁ። ደርሳለች። ተሳስቻለሁ።»

ግን አላልኩም። ልል የምችለው ብዙ ነበር። ዋጥኩት።

 ማርታ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች፤ ጸጥታው ስለነበር ሁሉም ሰማት።

«የፋሲካ ዕለት ጠዋት ዐይኗን ገለጠች። ዛሬ ምንድነው አለችኝ። ፋሲካ ነው እማ አልኳት። ሳቀች። ‹አንጁሎ መጣ?› አለች። እኔ አላውቅም፣ አጎቴን ጠየቅሁት። አልመጣም አለን።»

አቶ አበራ ቀና አላለም። ትከሻው ግን ተንቀሳቀሰ።

«ማታ ላይ ሰው ማወቅ ተወች። እኔንም አላወቀችኝም» አለች ማርታ። «ሰርጉ በዳግማይ ትንሣኤ ቢሆን ኖሮ ማን እንደተዳረች አታውቅም ነበር።»

 ምሰሶውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሥጋ በልቼ በሩ ላይ የቆምኩበት ከሰዓት በኋላ ታሰበኝ፣ ዐይኔን በውሃ ስመታ። እሷም ያንን ሁሉ ጾም አልጋዋ ላይ እንዲሁ ስታደርግ ታየችኝ። እኔን ለማሳሳት።

ማርታ እንባዋን በጥቁር ነጠላዋ ጠረገችና ቀጥ አለች። ልጅ እያለች ከእናቷ ጋር ትምህርት ቤት ትመጣ ነበር፤ ከኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጣ ያንን ሁሉ ሰምታለች። ከተወለደች ጀምሮ እርስዎ እንጂ ሌላ ብላኝ አታውቅም።

«ሎኦ፣ አንጁሎ» አለች። «ቁጭ በል።»

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። አንዱ «ኧረ ልጄ!» አለ። የትናንት ሙሽራ የአያቷን እኩያ እንዲህ ስትል ሰምተው አያውቁም። እኔ ግን ሰምቻለሁ። አልወጣም፣ አልወረደም፤ ያው ድምፅ ነው።

አቶ አበራ ፊቱን ሳያነሳ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።